ምዕራፍ ስድስት፦ ብሎኬትና ሸማ

አንድ ቅዳሜ ከሰዓት የጎረቤቴ ልጅ ደብተሯን ይዛ መጣች። ስድስተኛ ክፍል ናት። ለሰኞ በቃሏ እንድትይዝ 20 የእንግሊዝኛ ቃላት ተሰጥተዋታል፤ ከእያንዳንዱ ቃል ጎን የአማርኛ ፍቺው ተጽፏል። አሥራ ሰባቱን ይዛለች። ሦስቱ እምቢ ብለዋታል። «ጋሼ፣ ይቺ ግን በጣም ረዘመችብኝ» አለችና ጣቷን «አንብሬከብል» የሚለው ላይ አሳረፈች።

በምኖርበት በአዲስ አበባው ጎሮ ሰፈር ቤት የማይሠራበት ቀን የለም። የዚያን ቀንም ከአጥራችን ማዶ ሲኖትራክ አሸዋ እያራገፈ፣ ግንበኛው ብሎኬት እየደረደረ ነበር። «ያ ግድግዳ ስንት ነው?» አልኳት። «አንድ» አለች፤ ትንሽ አሰብ አድርጋ ደግሞ «ብሎኬቱ ግን ብዙ ነው» አለች። እርሳስ ሰጠኋትና ረጅሟን ቃል ሁለት ቦታ በጭረት ከፈልናት፦ አን፣ ብሬክ፣ ኤብል። «ብሬክ» መስበር እንደሆነ ታውቃለች። «አን» ማፍረሻ መሆኗን «አንሃፒ» ከሚለው ቃል ታውቃለች። «ኤብል» ብቻ ቀረች፤ «የሚቻል፣ የሚሆን» አልኳት። ከዚያ ሳልጠይቃት ዓይኗን ወደ አማርኛው ፍቺ መለሰችና «የማይሰበር» የሚለውን ራሷ ቆራረጠችው፦ የ፣ ማይ፣ ሰበር።

ይህ ምዕራፍ የተጻፈው ስለዚያ የእርሳስ ጭረት ነው።

ከድምፅ በላይ፣ ከቃል በታች

ባለፉት ሁለት ምዕራፎች ስለ ድምፅና ስለ ፊደል ተጨዋውተናል። አንድ ድምፅ ብቻውን ትርጉም እንደሌለው አይተናል፤ «ብ» ብትሉ ማንም ምንም አይረዳም። ቃል ደግሞ ትርጉም አለው። በሁለቱ መካከል ግን አንድ እርከን አለ፤ ትርጉም ያዘለች፣ ከዚያ በላይ ብትቆረጥ ትርጉሟን የምታጣ ቁራጭ። የሰዋስው መጻሕፍታችን ምዕላድ ይሏታል። ፕሮፌሰር ባዬ ይማም በ1987 ዓ.ም. ያሳተሙት «የአማርኛ ሰዋስው» ለዚህ ጉዳይ ሰፊ ቦታ ሰጥቷል። እኔ በዚህ ምዕራፍ «ቁራጭ» እያልኩ እጠራታለሁ።

«ልጆች» ሁለት ቁራጭ ነው፦ ልጅና ኦች። «ግድየለሽነት» ሦስት ነው፦ ግድ፣ የለሽ፣ ነት። እንግሊዝኛው «ኬርለስነስ» ይለዋል፦ ኬር፣ ለስ፣ ነስ። ግድ ለኬር፣ የለሽ ለለስ፣ ነት ለነስ። ሁለት ዝምድና የሌላቸው ቋንቋዎች ሦስት ብሎኬት በአንድ ዓይነት ቅደም ተከተል ደርድረው አንድ ዓይነት ግድግዳ አቆሙ። እንዲህ ያለ ቁርጥ ያለ ግጥጥም በየቀኑ አይገኝም፤ ሲገኝ ግን ለተማሪ ከአሥር ትርጓሜ ይበልጣል።

ከመገናኛ እስከ ጎሮ

ወደ ቤቴ ስመለስ ታክሲ የምይዘው ከመገናኛ ነው። የመንገዱን ስሞች አንድ በአንድ ልብ ብለው ይስሟቸው። «መገናኛ» የወጣው «ተገናኘ» ከሚለው ግስ ነው፤ ፊቱ ላይ «መ» ገባች፣ ጀርባው ተለወጠ፣ የመገናኘት ቦታ ሆነ። ይህ ቅርጽ ከአማርኛ ትልልቅ ፋብሪካዎች አንዱ ነው። ማረፊያ፣ ማዞሪያ፣ ማቆሚያ ሲል ቦታ ያመርታል፤ መክፈቻ፣ መጥረጊያ፣ ማቀዝቀዣ ሲል ዕቃ። አዲስ ዕቃ ከውጭ በመጣ ቁጥር፣ ሥራው ምን እንደሆነ ከታወቀ፣ ፋብሪካው ስም ሊያወጣለት ዝግጁ ነው።

ቀጥሎ ጉርድ ሾላ አለ፤ ሁለት ቃል ጎን ለጎን ቆመው አንድ ስም ሆነዋል። ከዚያ ሣህሊተ ምሕረት። እዚህ የግዕዝ እጅ ይታያል፤ የፊተኛው ቃል መጨረሻ «ት» የነበረው «ተ» ሆኖ ከኋለኛው ጋር ተሰፋ። ያቺ አንዲት አናባቢ የአማርኛን «የ» ሥራ ትሠራለች። «ቤተ መጻሕፍት» የተሰፋውም በዚሁ መርፌ ነው። አሁን «ቤተ መጻሕፍት»ን ከ«ሻይ ቤት» ጋር ያስተያዩ። በሁለቱም ውስጥ ዋናው ነገር ቤት ነው፤ በግዕዙ ስፌት ቤት ይቀድማል፣ በአማርኛው ይከተላል። እንግሊዝኛ በዚህ ነገር ከአማርኛ ጋር ያብራል፦ «ፉትቦል» ሲል ኳሱ ኋላ ነው፤ «እግር ኳስ» ስንልም ኋላ ነው። ስለዚህም ነው የውጩን ስም ብሎኬት በብሎኬት ተክተን ስንገለብጠው ምንም ያልተንገዳገደው።

በሌላኛው መንገድ ከመጡ በሲኤምሲ ያልፋሉ። ሰፈሩ የተሰየመው እዚያ ቤቶች በሠራ የጣልያን የግንባታ ድርጅት ስም የመጀመሪያ ፊደላት ነው። ፊደላቱ የወጡት ከጣልያንኛ ቃላት ነው፤ የምንጠራቸው ግን በእንግሊዝኛ አጠራር ነው፤ የሚኖርበት ሰው ደግሞ አማርኛ ወይም ኦሮምኛ ተናጋሪ ነው። ጎሮ ያለው አይሲቲ ፓርክም ከዚሁ ወገን ነው፤ ሦስት ረጃጅም ቃላት ተቆርጠው ራሳቸው ብቻ ቀረ። ወደ ደቡብ ዝቅ ቢሉ ደግሞ ቱሉ ዲምቱ አለ። በኦሮምኛ ቱሉ ኮረብታ ነው፣ ዲምቱ ቀይ። ኮረብታው ይቀድማል፣ ቀለሙ ይከተላል፤ በአማርኛ ብንሰይመው ኖሮ ቀለሙን እናስቀድም ነበር። አንድ የታክሲ መስመር ላይ ይህን ያህል የስም አሠራር መኖሩን ሳስብ ልጆቻችን ለምን ቋንቋ ከባድ ነው እንደሚሉ ይገርመኛል፤ በየቀኑ የሚሳፈሩበት እኮ ነው።

ድርና ማግ

እስካሁን ያየነው በአመዛኙ መደርደር ነው። አሁን ወደ ምዕራፉ ልብ እንግባ።

በምዕራፍ አምስት ፊደላችን ለእያንዳንዱ ተነባቢ ሰባት ቤት እንዳለው አይተን ነበር፦ ሰ፣ ሱ፣ ሲ እያለ የሚሄደው። ያን ጊዜ አጥንቱ ተነባቢው፣ ልብሱ አናባቢው ነው ብዬ ነበር። ያ ነገር ጥቅሙ የሚታየው እዚህ ነው። «ሰበረ»ን ይውሰዱ። ሰባሪ፣ የሚሰብረው። ስባሪ፣ የተሰበረው ቁራጭ። ስብራት፣ የደረሰው ጉዳት። ሰባራ፣ ተሰብሮ የቀረው ወንበር። ስብርባሪ፣ መሬት ላይ የተበተነው። ሰባበረ፣ ደጋግሞ ያደቀቀው። አሰባበር፣ የተሰበረበት ሁኔታ። እንደገና በዓይንዎ ብቻ ይዩአቸው፤ ስ፣ ብ፣ ር የትም አልሄዱም። ሰ ስ ሆነ፣ በ ባ ሆነ፣ ረ ሪ ሆነ፤ ፊደሉ ቤት ለወጠ እንጂ ቤተሰቡ አልፈረሰም።

ይህ የብሎኬት ሥራ አይደለም፤ ሽመና ነው። ሸማኔው መጀመሪያ ድሩን ይወጥራል፤ ከዳር እስከ ዳር የተዘረጋ፣ የማይንቀሳቀስ። ከዚያ ማጉን በድሩ መሐል ያመላልሰዋል። ስ፣ ብ፣ ር ድር ናቸው። በመካከላቸው የሚመላለሱት አናባቢዎች ማግ ናቸው። አንዱን ድር ወጥሮ ማጉን በመለዋወጥ ነጠላም ጋቢም እንደሚወጣ፣ ከአንድ ሥር ሰባሪም ስባሪም ይወጣል። «ሰባሪ»ን ከ«ስባሪ» በጽሑፍ የሚለየው የመጀመሪያው ፊደል አናባቢ ብቻ ነው። አንደኛው መዶሻ የያዘው ሰው ነው፣ ሌላኛው ወለል ላይ የወደቀው ብርጭቆ።

ሊቃውንቱ ይህን ከጥንት ያውቁታል። አለቃ ኪዳነ ወልድ ክፍሌ ያዘጋጁት፣ ደስታ ተክለ ወልድ በ1948 ዓ.ም. ለኅትመት ያበቁት ታላቁ የግዕዝ መዝገበ ቃላት የተሰናዳው በሥር ነው። «መጽሐፍ»ን የሚፈልግ ሰው ወደ «መ» አይሄድም፤ «ጸሐፈ» ዘንድ ይሄዳል፤ ጸሓፊም ጽሕፈትም እዚያው እንደ አንድ ቤት ልጆች ተቀምጠው ያገኛቸዋል። የእንግሊዝኛ መዝገበ ቃላት ግን «ብሬክ»ን በመጀመሪያዎቹ ገጾች፣ «አንብሬከብል»ን በመጨረሻዎቹ ያስቀምጣል፤ ወንድማማቾቹ ሳይተያዩ ይኖራሉ። የጎረቤቴን ልጅ ያስቸገራትም በከፊል ይኸው ነው። የተሰጣት ዝርዝር ዘመዳሞቹን ለያይቶባታል።

እንግሊዝኛ ሽመና ፈጽሞ አያውቅም ማለት ግን አይደለም። ተማሪዎች እንደ መዝሙር የሚያዜሙትን ያስታውሱ፦ ሲንግ፣ ሳንግ፣ ሰንግ፤ ዘፈኑ ራሱ ደግሞ ሶንግ። ተነባቢዎቹ ባሉበት ቆመው መሐሉ ብቻ ተለወጠ። አንድ እግር ፉት ነው፣ ሁለት እግር ፊት። አስተማሪዎች እነዚህን «ከሕግ የወጡ ግሶችና ስሞች» ብለው ያስይዛሉ። ለእንግሊዝ ልጅ እንግዳ ሊሆኑ ይችላሉ፤ ሰበረ፣ ሰባሪ፣ ስብራት እያለ ላደገ ልጅ ግን የገዛ አገሩ ልብስ ናቸው። ይህን የሚነግረው ሰው ያስፈልገዋል እንጂ ለመረዳት አንድ ደቂቃ አይፈጅበትም።

አማርኛም ሸማኔ ብቻ አይደለም፤ መደርደርንና ሽመናን በአንድ ቃል ላይ ያሳርፋል። «አይሰበሬ» በሚለው ቃል ውስጥ ሰበር ተሸምኗል፤ ፊቱ «አይ»፣ ኋላው «ኤ» ተደርድሯል። አይበገሬ፣ አይነኬ፣ አይደፈሬ የወጡትም ከዚሁ ነው። ሥሩ ዛሬም አልደረቀም። ቴሌቪዥን የእንግሊዝኛውን «ብሬኪንግ ኒውስ» በአማርኛ ለመጥራት በፈለገ ጊዜ ከዚያው ከስ፣ ብ፣ ር ላይ «ሰበር ዜና»ን ሸመነ። ትርጉሙ ከውጭ የመጣ ነው፤ ጨርቁ ግን የእኛው ነው።

ፊርማ እንዴት አማርኛ ሆነ

ነገሥታቱና መኳንንቱ ደብዳቤያቸውን የሚያጸኑት በማኅተም ነበር። ዛሬ የምናጸናበት «ፊርማ» ግን የመጣው ከጣልያንኛ ነው። ስም ሆኖ ገባ፤ እንደ ጎማ፣ እንደ ፌርማታ፣ እንደ ጋዜጣ። ሌሎቹ ስም እንደሆኑ ሲቀሩ ፊርማ ግን ሸማኔው እጅ ወደቀ። ሦስት ተነባቢ ስላለው ለድር ተመቸ፦ ፍ፣ ር፣ ም። ያን ጊዜ ማጉ ይመላለስበት ጀመር። ፈረመ፣ አስፈረመ፣ ተፈራረሙ፣ ፈራሚ፣ መፈረሚያ፣ አፈራረም። አሁን ክለቡ ተጫዋች አስፈረመ የሚለውን የስፖርት ዜና ሲሰማ ጣልያንኛ ሰማሁ የሚል ሰው የለም። ከውጭ የመጡ ቃላት ተብለው ከተዘረዘሩልኝ ሁሉ እንደዚህ ቃል የሚያስደስተኝ የለም፤ ቋንቋችን በሕይወት እንዳለ በዓይን የሚያሳይ ነውና።

«ዳውንሎድ» ለምን እንዲህ አልሆነም? ረዘመ፤ ተነባቢው በዛ፤ ድሩ ላይ አይወጠርም። ያን ጊዜ አማርኛ ሌላ መንገድ ይይዛል፤ ቃሉን ሳይነካ አጠገቡ «አደረገ»ን ያቆማል። ዳውንሎድ አደረገ፣ ቻርጅ አደረገ፣ ብሎክ አደረገ። አንዳንድ ሰዎች ይህን የቋንቋ መበላሸት ነው ይላሉ። አልስማማም። አማርኛ ከኢንተርኔት በፊት ዝም አለ፣ ብድግ አደረገ፣ ከፍ አደረገ ሲል የኖረ ነው፤ ለማይሸመን ቃል ደጋፊ ግስ መስጠት የራሱ የቆየ ሥርዓት ነው። እንግዳው በእንግዳ ማረፊያ አደረ፣ ሌላ ነገር የለም።

ለጥቃቅኖቹ ቅጥያዎችም የሕይወት መለኪያው ይህ ነው፦ አዲስ እንግዳ ይቀበላሉ? «ኦች» ይቀበላል፤ ከኩባንያ ስም የተነሣው ባጃጅ ጎሮ ደርሶ ባጃጆች ለመባል ጊዜ አልፈጀበትም። «ባለ» ይቀበላል፦ ባለባጃጅ። «ኛ»ም ይቀበላል፤ ጋዜጣን ጋዜጠኛ፣ ፖስታን ፖስተኛ አድርጓል። በአንጻሩ መጻሕፍት፣ ሊቃውንት የሚለው የግዕዝ አበዛዝ ክብሩ እንደተጠበቀ ነው፤ ግን ለኮምፒውተር ብዙ ቁጥር አላወጣም። የጣልያኑ «ኢስታ»ም ጎሚስታና ባሬስታ ውስጥ ይታያል። የመጀመሪያውን ጎማ ነው፣ ሁለተኛውን ባር ነው ብለው ቢቆርጡት ልክ ነዎት። ይሁንና እኛ በ«ኢስታ» አዲስ ቃል አልሠራንም፤ ከቃሉ ጋር ተከራይቶ መጣ፣ ከቃሉ ጋር ይኖራል።

ያለ ቦታቸው የተቆረጡ

ሰው ሁልጊዜ በትክክለኛው መገጣጠሚያ ላይ አይቆርጥም። የሚደንቀው ግን በተሳሳተ ቦታ የተቆረጠ ቃልም ቆሞ መሄዱ ነው።

በየዕለቱ የምንሳፈርበት «ሚኒባስ» ውስጥ ያለችው «ባስ» ከየት መጣች? በላቲን «ኦምኒባስ» ማለት «ለሁሉም» ማለት ነው። «ሁሉ» የሚለው ትርጉም ያለው «ኦምኒ» ላይ ነው፤ «ባስ» የ«ለ» ዓይነት አገልግሎት ያላት የቃል ጅራት ናት። እ.ኤ.አ. በ1820ዎቹ በፈረንሳይ ናንት ከተማ ለማንም መንገደኛ ክፍት የሆነ የፈረስ ሠረገላ በዚህ ስም ተጠራ። እንግሊዞች ስሙን ተቀብለው አሳጠሩት፤ ግን ራሱን ጥለው ጅራቱን ያዙ። እኛ «ለሁሉም» ከሚለው ቃል «ም»ን ብቻ አስቀርተን መኪና ብንጠራባት እንደማለት ነው። ያቺ ጅራት ዛሬ ሙሉ ቃል ናት፤ በጣልያንኛ በኩል አውቶቡስ ሆና፣ በእንግሊዝኛ በኩል ሚኒባስ ሆና ከሁለት በር አዲስ አበባ ገባች።

በርገርም እንዲሁ ነው። «ሀምበርገር» የጀርመኑ የሀምበርግ ከተማ ስም ላይ «ኤር» ተጨምሮ የወጣ ነው፤ ጎንደር ላይ «ኤ» ጨምረን ጎንደሬ እንደምንለው። እንግሊዝኛ ተናጋሪዎች ግን «ሀም» የሚለው በቋንቋቸው የአሳማ ሥጋ ስለሆነ ቃሉን እዚያ ላይ ቆረጡት፤ ሀምበርገር ውስጥ የአሳማ ሥጋ የለም። ከቁራጩ «በርገር» ወጣ፣ ከበርገር ቺዝበርገር ወጣ። ጎንደሬን ጎንና ደሬ ብሎ እንደመቁረጥ ያለ ስሕተት ነው። ዛሬ አዲስ አበባ ውስጥ የጾም በርገር ይሸጣል፤ የከተማው ስም ከቃሉ ውስጥ ግማሽ ብቻ እንደቀረ ማንም አያስብም።

ያደረ ቃል

አንዳንድ ብሎኬት ደግሞ በጊዜ ብዛት ሲሚንቶ ይሆናል፤ ራሱን ችሎ ይቆም የነበረው ቃል ሌሎችን ማያያዣ ይሆናል። እንግሊዝኛ ልጅነትን «ቻይልድሁድ» ይላል። ያ «ሁድ» በጥንቱ እንግሊዝኛ ራሱን የቻለ ቃል ነበር፤ ማዕረግ፣ ሁኔታ ማለት ነበር። ዛሬ ብቻውን በዚያ ትርጉም አይቆምም።

የእኛው ምሳሌ ከዚህ ይበልጣል። «አደረ» ሌሊቱን አሳለፈ ማለት ነው፤ በየጠዋቱ እንዴት አደርክ፣ እንዴት አደሩ የምንባባልበት። ከዚያ ለሰው አደረ ሲባል በእሱ ሥር ኖረ ማለት ሆነ። ከዚያም «አደር» ከሌላ ቃል ኋላ እየቆመ ኑሮን መግለጫ ሆነ። አርሶ አደር፣ አርሶ የሚኖር። አርብቶ አደር፣ አርብቶ የሚኖር። ለፍቶ አደር። «ወታደር»ንም ሊቃውንቱ ወጥቶ ከማደር ያመጡታል። ይህ ቅርጽ ዝግጁ ሆኖ ይጠብቅ ስለነበር፣ በ1966 ዓ.ም. አብዮት ሲፈነዳ የፋብሪካ ሠራተኛውን መደብ የሚጠራ ቃል ሲፈለግ ወዝ ከአደር ጋር ተገጥሞ «ወዛደር» ወጣ፤ በወዙ የሚያድር። በዚያ ዘመን የተሠሩ ብዙ ቃላት ከዘመኑ ጋር ደብዝዘዋል። ወዛደር ግን ዛሬም ቢጠራ ማንም ያለ መዝገበ ቃላት ይረዳዋል፤ ምክንያቱም ሁለቱም ቁራጮች ከእናቱ አፍ የሰማቸው ናቸው።

«ሥነ»ም እንዲሁ ተጉዟል። በግዕዝ ማማርን፣ ውበትን የሚናገር ቃል ነው፤ ሥነ ጽሑፍ ስንል የጽሑፍ ውበት ነበር ነገሩ። አሁን ሥነ ሕይወት፣ ሥነ ልቡና፣ ሥነ ፈለክ እያልን የጥናት መስክ መሰየሚያ አድርገነዋል፤ እንግሊዝኛ ቃል ጫፍ ላይ «ሎጂ» የሚያስቀምጠውን እኛ ፊት ላይ «ሥነ» እናስቀምጣለን።

አዲስ ቃል ለሚሠሩ ሰዎች ከዚህ የሚወሰድ ነገር አለ ብዬ አምናለሁ። «በይነ መረብ» ሲወጣ በእጅጉ ትክክል ነበር፤ «ኢንተር» በመካከል፣ በይነ፤ «ኔት» መረብ። ሆኖም በጽሑፍ ይታያል እንጂ ታክሲ ውስጥ አይሰማም፤ ሰው ኢንተርኔት ይላል። «በይነ» ለብዙ ጆሮ ባዳ ነው። «ድረ ገጽ» ግን በሰው አፍ ገባ፤ ድሩንም ገጹንም ሁሉም ያውቃቸዋልና። ቃል ሠሪው ቁራጮቹን ከመጽሐፍ ብቻ ሳይሆን ከገበያም ከጓዳም መምረጥ አለበት።

ልጅዎ ደብተር ላይ

የጎረቤቴ ልጅ ሰኞ ስንት እንዳገኘች አልጠየቅኋትም። በሳምንቱ ግን አዲስ ዝርዝር ይዛ ስትመጣ ቃላቱን ከሰላምታዋ በፊት በእርሳስ ቆራርጣቸው ነበር፤ አንዱን በተሳሳተ ቦታ። ያ ስሕተቷ ከአሥራ ሰባቱ የሸመደደቻቸው ቃላት ይልቅ ደስ አሰኝቶኛል፤ ቃሉን ከውጭ ማየት ትታ ውስጡን መፈለግ ጀምራለችና።

ወላጅ ወይም አስተማሪ ከሆኑ አንድ ነገር ልለምንዎ። ዛሬ ማታ የልጅዎን የእንግሊዝኛ ደብተር ይክፈቱ። ከዝርዝሩ ረጅሙን ቃል ይምረጡና ልጁ ራሱ በእርሳስ እንዲቆርጠው ይተዉት። ከዚያ አጠገቡ «ግድየለሽነት» ወይም «አይሰበሬ» ብለው ይጻፉና እርሳሱን መልሰው ይስጡት።